ለገደል ተብሎ ለንደን ይኬዳል?

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የምኖር ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 64 ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ባሕር የብስን እንዴት እንደሚሸረሽር፣ ገደል እንዴት እንደሚናድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልሁ አስተምሬአለሁ። ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አሁን እንግሊዝ አገር፣ ለንደን ውስጥ ክሮይደን በሚባለው ሰፈር የምትኖረው ልጄ ቲኬት ቆርጣ ጠርታኛለች፤ ቪዛውም ወጥቶልኛል። በሐምሌ እሄዳለሁ።

ልጄ ያላሰበችልኝ ነገር የለም። ቤተ መንግሥቱ፣ ሙዚየሙ፣ በወንዙ ላይ በጀልባ መንሸራሸሩ ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ደርሶኛል። የመግቢያውን ዋጋ ወደ ብር ስመታው ግን ራሴን አመመኝ። የእኔ ምኞት አንድ ነው፤ በደቡብ እንግሊዝ ካሉት ነጭ ገደሎች በአንዱ አናት ላይ በእግሬ መሄድ። ምንም እንደማይከፈልበት አንብቤአለሁ። ልጄ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ እርሷ ሥራ በምትውልበት ቀን ሹልክ ብዬ ሄጄ ከመምጣቷ በፊት ልመለስ አስቤአለሁ። ይህን ለባለቤቴ ባማክራት፣ ‹በዚህ ጉልበትህ ለገደል ብለህ ነው ለንደን ድረስ የምትሄደው? ታቦር አለልህ አይደል!› አለችኝ። እውነት ነው፣ ግራ ጉልበቴ ቁልቁል ስወርድ ያመኛል። ምን ይመክሩኛል? ጉዞውንስ እንዴት ላቅደው?

ጡረተኛው መምህር፣ ከሐዋሳ»

የተከበሩ መምህር፣

በመጀመሪያ ለባለቤትዎ። ታቦርን የሚያቃልል ሰው እኔ አይደለሁም፤ ማለዳ ወጥቶ በአንድ ወገን ሐይቁን፣ በሌላው ወገን የጨለለቃን ረግረግ ማየት አይሰለችም። ነገር ግን ታቦር እሳተ ገሞራ የወለደው ኮረብታ እንጂ ባሕር የበላው ገደል አይደለም። ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደልም ቢሆን ስሙን ይዞ ቀረ እንጂ ሰው የሚሄድበት ለዓሣው ነው። ባለቤትዎ የጉልበትዎን ነገር ማንሣታቸው ግን ትክክል ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ስለዚህ አዎ፣ ለገደል ተብሎ ይኬዳል። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ባሕር ዳርቻ ያስተማረ ሰው አንድ ቀን ቆሞ ሊያየው ቢመኝ ምን ያስገርማል? እኔን ያስገረመኝ ተደብቀው ሊሄዱ ማሰብዎ ነው።

እስቲ ያሰቡትን ቀን እስከ ማታ ድረስ ይከተሉት። ልጅዎ በአጋጣሚ ከፈረቃዋ ቀድማ ትመለሳለች። ቤቱ ባዶ ነው። ትደውላለች፤ እርስዎ ከኮረብታ ጀርባ ስለሆኑ ስልኩ አይሠራም። እንደገና ትደውላለች። ከዚያ በኋላ የምትደውለው ለማን ይመስልዎታል? ሐዋሳ፣ ለእናቷ። ባለቤትዎ ደግሞ የገደሉን ነገር ያውቃሉ። በዚያች ሰዓት በሁለት አገር የሚሆነውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። በሰላም ቢመለሱ እንኳ በር ላይ የሚጠብቅዎት እራት ሳይሆን ችሎት ነው።

ልጅዎን ከወጪ ለማዳን ማሰብዎ የአባት ወግ ነው። ሆኖም ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ወላጁን ሲጠራ ገንዘቡን ካሰበበት ቆይቷል፤ ተበድሮም ቢሆን አዘጋጅቶታል። እንቅልፍ የሚነሳው ሌላ ነገር ነው፦ «አባቴ ደስ ብሎት ይመለስ ይሆን? አገር ቤት ሲጠይቁትስ ምን አየሁ ይላል?» ልጅዎ ሰው ሁሉ የሚያየውን የደረደረችልዎ እርስዎ ምን እንደሚወዱ ስላልነገሯት ነው። ይንገሯት እንጂ! «ልጄ፣ ከዝርዝሩ ሁለቱን ሰርዢልኝ፤ በምትኩ አንድ የዕረፍት ቀንሽን ስጪኝና ነጩን ገደል አሳዪኝ» ይበሏት። ደስ ሳይላት የምትቀር አይመስለኝም። ምናልባት እርሷም እዚያ አገር ስትኖር ከሥራና ከቤት በቀር ብዙ አላየች ይሆናል። ደግሞም የባቡሩንና የምሳውን ሒሳብ ለእርሷ ይተዉላት። ሁሉ ነገር ነፃ ከሆነ አባቷን የጋበዘችበት ነገር ልታጣ ነውና።

የዕረፍት ቀን ካልተገኘላትስ? ያን ጊዜ ብቻዎን ይሂዱ፤ ግን በግልጽ። በየት በኩል እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ በወረቀት ጽፈው ጠረጴዛ ላይ ይተዉ፤ አንድ የመደወያ ሰዓትም ይቁረጡ።

አሁን ወደ መንገዱ። ያነበቡት እውነት ነው፤ ገደሉ ላይ ለመሄድ አይከፈልም። የመግቢያ ቲኬት የለም፤ እንደ ሰሜን ተራሮቻችን ስካውት ይዞ መሄድ የለም። እንግሊዞች በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል ሕዝብ በእግሩ የማለፍ መብት ያለበት ብዙ የቆየ መንገድ አላቸው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ መላውን የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በአንድ የእግር መንገድ ለማገናኘት መሠረት ጥሏል፤ ሲጠናቀቅ 4,300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው። እርስዎ ከዚህ ሁሉ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዎታል።

ነጭ ገደል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዶቨርን ነው። እኔ ግን ለእርስዎ የምመርጠው የሲፎርድን ከተማ ነው። ከኢስት ክሮይደን በባቡር ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፣ ሉዊስ ላይ ይቀይራሉ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሲፎርድ ይደርሳሉ። የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነ «አልፌ እሄድ ይሆን» የሚል ጭንቀት የለበትም። ቲኬቱን ሲቆርጡ የማለዳው የሥራ መግቢያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ያለውን ይምረጡ፤ ዋጋው በብዙ ይቀንሳል። ከጣቢያው ባሕሩ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው።

እዚህ አይቸኩሉ። ዳርቻው አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው፤ ሞገዱ ሲመለስ ጠጠሩን እየጎተተ የሚያሰማው ድምፅ በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ከጠገቡ በኋላ ባሕሩን በቀኝዎ ይዘው ወደ ምሥራቅ ይጓዙ። የከተማው ዳርቻ የሚያልቅበት ላይ ገደሉ ይጀምራል፤ በገደሉ ፊት ላይ ኪቲዌክ የሚባሉ የባሕር ወፎች ጎጆ ሠርተው ሲንጫጩ ያገኟቸዋል። የእኛ አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጁ እግር ሥር ቆሞ የጉዳይ ፈጻሚ መልክ ይዞ ይጠብቃል፤ እነዚህ ግን ሰው መኖሩንም ከጉዳይ አይጽፉትም።

ከዚያ ሲፎርድ ሄድ ወደሚባለው ገደል አናት ይወጣሉ። ከባሕር ወለል ከፍታው 80 ሜትር ገደማ ነው፤ ታቦርን የሚወጣ ሰው ይወጣዋል። ሐዋሳ ራሷ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ትንፋሽ አያጥርዎትም። ከአናቱ ሆፕ ጋፕ ወደሚባለው ዝቅታ ይወርዳሉ፤ ትንሽ አልፈው ገደሉ አፋፍ ላይ የቆሙ የቆዩ የባሕር ጠባቂ ቤቶችን ያገኛሉ። በፖስት ካርድ ላይ የሚታየው ነገር ከዚህ ነው የሚታየው፦ ሰቨን ሲስተርስ፣ ሰባቱ እህትማማቾች፣ ከከክሚር ወንዝ ማዶ ነጭ ግድግዳ ሆነው አንዱ ካንዱ እየተያያዙ ሲሄዱ። ከፍ ዝቅ የሚለው ጫፋቸው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ልጅዎን ሊያስተምሩበት ይችላሉ፤ ጥንት ውሃ የቆረጣቸው፣ ዛሬ ወንዝ የሌለባቸው ሸለቆዎች ናቸው፤ ባሕሩ ኮረብታውን ከጎኑ ሲበላው ሸለቆዎቹ ተቆርጠው ቀሩ።

በእህትማማቾቹ በራሳቸው ላይ ግን አይሂዱ። ብዙ ሰው የሚሄደው በዚያ ነው፤ መልካም መንገድም ነው፤ ግን መውጣትና መውረዱ ሰባት ጊዜ ይደጋገማል፣ የእርስዎን ጉልበት ደግሞ የሚያመው መውረዱ ነው። ሰው በራሱ ገደል ላይ ቆሞ ገደሉን አያየውም፤ ከማዶ ሲሆን ነው መልኩ የሚታየው። ስለዚህ ምንም አይቀርብዎትም።

ከቤቶቹ በኋላ የሚያሳስት ቦታ አለ። ከመካከል ያለው የከክሚር ወንዝ ትንሽ ይመስላል፤ አፉ ላይ ግን ድልድይ የለውም፣ በእግር መሻገርም አይሞከርም። ወደ ግራ ታጥፈው ወንዙን ተከትለው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ኤክሲት ከሚባለው ቦታ ድልድዩን ያገኛሉ። እዚያ ምግብ ቤት አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ ብራይተንንና ኢስትቦርንን የሚያገናኘው 12 ቁጥር አውቶቡስም በዚያው ያልፋል። ወደ ሲፎርድ ይመልስዎታል። እንግዲህ መንገዱ ይኸው ነው።

ገደሉን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። አጥር የለውም። ሣሩ እስከ ጫፉ ድረስ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ይሄድና ድንገት ያልቃል። የድንጋዩ ዓይነት ጠመኔ ነው፤ በዛሬው ዘመን የሰሌዳ ጠመኔ በአብዛኛው ከጂፕሰም የሚሠራ ቢሆንም፣ ይህኛው እውነተኛው ነው፤ ከ80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ተጠራቅሞ የሠራው። በመካከሉ ጥቁር የባልጩት መስመሮች ተዘርግተውበታል። ጠመኔ በእጅ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰበር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ባሕሩ ከሥር ሲቦረቡረው ከላይ ያለው ሣር ምንም አልሆነም መስሎ ይቆያል፤ ከዚያ በአንድ ቀን የቤት ስፋት ያለው ክፍል ይሄዳል። ከዚህ ጥቂት በስተምሥራቅ ቤል ታውት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1832 መሠራት የጀመረ የመርከብ መብራት ማማ አለ፤ ገደሉ እየቀረበው ስለመጣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሕንፃውን እንዳለ ከፍ አድርገው 17 ሜትር ወደ ኋላ አንሸራትተውታል። ሕንፃ የሚሸሸውን ጫፍ ሰው ሊጠጋው አይገባም።

ከጫፉ ከአሥር እርምጃ በላይ ይራቁ። ሌላው ሰው እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ቢያዩት እንኳ አይከተሉት፤ ፎቶግራፍ ሲነሡ ከእነዚህ ገደሎች ወድቀው የሞቱ ሰዎች አሉ። ሣሩ ላይ ከጫፉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ፣ ከስንጥቁ ወዲህ መሆንዎን ብቻ ሳይሆን ከእርሱም ሌላ አሥር እርምጃ መራቅዎን ያረጋግጡ። በመምህር ዓይን ቀረብ ብሎ ማጥናት ያምርዎታል፣ አውቃለሁ። ጥናቱ ከሩቅ ይሁን። ከገደሉ ሥርም ቢሆን ተደግፎ መቀመጥ የለም፤ የሚወርደው ድንጋይ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ሌላው ሐይቃችን ያላስተማረን ነገር አለ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በዚያ አካባቢ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንዳንድ ቀናት ከ5 ሜትር ያልፋል። በንድፈ ሐሳብ ያስተማሩት ነውና ማብራራት አያስፈልግዎትም፤ በተግባር ግን ሲጎድል ሰፊ የሆነው ዳርቻ ሲሞላ ከገደሉ ጋር ይጋጠማል፣ በመካከል የተገኘ ሰው መውጫ ያጣል። ከላይ የሚሄድ ሰው አያሳስበውም። ውሃውን ለመንካትና ጨውነቱን ለመቅመስ መፈለግዎ ግን አይቀርም፤ ያንን ሲፎርድ ከተማው ዳርቻ ላይ ይፈጽሙት እንጂ በገደሉ ሥር አይሂዱ። ክፉ ነገር ቢገጥም የሚደወለው 999 ነው፤ ሲመልሱልዎ ኮስትጋርድ (የባሕር ጠባቂ) ብለው ይጠይቁ።

ሰዓትዎን ያስተካክሉ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የእኛ አገር ሰው አውቶቡስ የሚያመልጠው በዚህ ነው። የባቡሩ ሰሌዳ 10:05 ሲል የእርስዎ ጠዋት 4:05 ነው፤ 17:40 ሲል ደግሞ ከቀኑ 11:40። በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ብርሃኑ ያዘናጋል፤ «ገና ቀን ነው» እያሉ ሲቀመጡ አውቶቡሱ ሥራውን ጨርሶ ሊገባ ይችላል። የመመለሻውን ሰዓት ከመነሣትዎ በፊት ልጅዎ ታጣራ።

ውሾችም አሉ፤ ሳይታሰሩ ከባለቤቶቻቸው ጋር ይንሸራሸራሉ፣ መጥተው ያሸትቱዎታል። እባክዎ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ እንዳይሉ። የአገራችን ልማድ እጅን ወደ መሬት ይልካል፤ እዚያ ግን ባለቤቱ ከውሻው በላይ ይቆጣል። በመንገድ የሚያገኙት ሰው በአንድ ቃል ሰላም ብሎ ያልፋል፤ የልጅ የከብቱን ደኅንነት ለመጠየቅ አይቁሙ። የበግ ግጦሽ ውስጥ የሚያልፉበትን በር ከፍተው ከገቡ መልሰው ይዝጉት።

ጉልበትዎን ከአሁኑ ያዘጋጁት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ማለዳ ከፍቅር ሐይቅ ተነሥተው የውሃውን ዳር ይዘው ይራመዱ፣ ሕመሙ ካልበረታ ታቦርን ይጨምሩበት፤ ሲወርዱ በከዘራ እየተደገፉ፣ በአጭር እርምጃ፣ በስተጎን አግድም እየተጠማዘዙ። ከዚህ ልምምድ በኋላ ጉልበቱ ካበጠ ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ይየው፤ የሲፎርድ መንገድም አጠር ይበል። ባሕሩንና ወፎቹን አይቶ የመጀመሪያውን ዳገት ብቻ ወጥቶ በመጣበት መመለስ ይቻላል፤ ማንም የቀረውን አይጠይቅዎትም።

ቆዳ ጫማ ይቅር፤ እርጥብ ጠመኔ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሶሉ የሚቆነጥጥ የስፖርት ጫማ ይበቃል። ጃንጥላም አይያዙ፣ ነፋሱ ይነጥቅዎታል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስና አንድ ሹራብ ይያዙ። ውሃ፣ ዳቦ፣ አንድ ጭብጥ ቆሎ። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእርስዎ፦ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የእንግሊዝ የካርታ ድርጅት የዚያን አካባቢ 1:25,000 ካርታ አሳትሟል። የእኛን 1:50,000 ካርታ ይዞ ኮንቱር መስመር ያስተማረ ሰው በስልክ ካርታ ብቻ ገደል ላይ ቢወጣ ደስ አይለውም። ልጅዎ ካርታውን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዋስ ትችል እንደሆነ ትጠይቅ።

የሐምሌ ፀሐይ ቢኖርም የባሕር ጭጋግ ድንገት ሊወርድ፣ ነፋሱም ሰው ሊያንገዳግድ ይችላል። በጭጋግና በኃይለኛ ነፋስ ቀን ገደል ላይ አይወጣም፤ ለዚህ ነው ከልጅዎ አንድ ሳይሆን ሁለት ቀን እንዲጠይቁ የምመክርዎት፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። በፈረቃ የሚሠራ ሰው የዕረፍት ቀኑን የሚጠይቀው ሰሌዳው ከመውጣቱ በፊት ነውና ሐዋሳ ሳሉ ይደውሉላት። ሰዓታቸው በዚህ ወቅት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ከእራት በኋላ ቢደውሉ ከሥራ ገብታ ታገኝዎታለች። ባለቤትዎም አጠገብዎ ሆነው ይስሙ።